ምንም ሳያመኝ የታመምኩባቸው ስድስት ሳምንታት

ኅዳር ነበር። እሑድ ታላቁ ሩጫን ሮጥኩ፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ለአዲስ ሥራ የጤና ምርመራ ሄድኩ። ያኔ 34 ዓመቴ ነው። ሲጋራ አላጨስም። ከእግሬ መዛል በቀር ምንም የሚያመኝ ነገር አልነበረም። እንዲያውም 10 ኪሎ ሜትሩን ካለፈው ዓመት አሻሽዬ ስለገባሁ ደረቴን ነፍቼ ነበር የሄድኩት።

«ለደም ምርመራ ምግብ ሳትበላ ና» ተብዬ ነበር። እኔ ከራሴ ውሃም ጨመርኩበት። የተከለከለው ምግብ ብቻ እንደሆነ፣ ውሃ መጠጣት እንደሚቻል ያወቅኩት በኋላ ነው። ከእሑድ ማታ ጀምሮ ጉሮሮዬን ሳላርስ፣ ሻይ የመሰለ ሽንት በኩባያ ይዤ ላብራቶሪው መስኮት ላይ ቆምኩ።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱ ወጣ። ፕሮቲን ሁለት ፕላስ። ደም ሁለት ፕላስ። በማይክሮስኮፕ ቀይ የደም ሴል ከ10 እስከ 15፣ ፐስ ሴል (መግል ውስጥ የሚገኘው ነጭ የደም ሴል) ከ6 እስከ 8፣ ባክቴሪያ «ጥቂት»። ወረቀቱን ያየው ባለሙያ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ኢንፌክሽን አለብህ» አለና ሲፕሮ የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጻፈልኝ፤ 500 ሚሊ ግራም፣ በቀን ሁለቴ፣ ለ7 ቀን። ስትሸና ያቃጥልሃል ወይ አላለኝም። ትኩሳት አለህ ወይ አላለኝም። እኔም ብሆን ትናንት ሩጫ ላይ ነበርኩ አላልኩትም። ምን አገናኘው ብዬ?

መድኃኒቱን በወጉ ጨረስኩት። የመጀመሪያው ስህተቴ ይሄ ነው፤ «ካልቸር ሳይሠራ፣ ሳያመኝ፣ ለምን እወስዳለሁ?» ብዬ አለመጠየቄ። ካልቸር ማለት ሽንት ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ላብራቶሪ ውስጥ አብቅሎ የሚለይ ምርመራ ነው። በስድስተኛው ቀን ግራ እግሬ ላይ፣ ከተረከዜ ከፍ ብሎ ያለው ጅማት ያዘኝ። ደረጃ ስወርድ እያነከስኩ ነበር። የሩጫ ጉዳት መስሎኝ ዝም አልኩ። ሲፕሮና መሰሎቹ የተረከዝ ጅማትን ሊጎዱ፣ አልፎ አልፎም ሊበጥሱ እንደሚችሉ ማን ነግሮኝ? የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2008 እ.ኤ.አ. ከማስጠንቀቂያዎቹ ሁሉ ከባዱን፣ ጥቁር ሳጥን ያለበትን፣ ያስለጠፈባቸው መድኃኒቶች ናቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለቀላል የሽንት ኢንፌክሽን ሌላ አማራጭ እያለ አትስጡ ብሏል። እኛ ሰፈር ግን ሲፕሮ እንደ ማስቲካ ነው።

ከመድኃኒቱ በኋላ ሌላ ቦታ ሄጄ ተመረመርኩ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ብልህ የመሰለኝ ነገር አደረግኩ። «የቀረውን በሽታ ላብ አድርጌ ላስወጣው» ብዬ በዋዜማው እያነከስኩም ቢሆን አንድ ሰዓት ሙሉ ሮጥኩ። ውጤቱ፦ ፕሮቲን አንድ ፕላስ፣ ደም አንድ ፕላስ። «መድኃኒቱ አልሠራም፤ ምናልባት ኩላሊት ይሆናል፤ አልትራሳውንድ ተነሣ» ተባልኩ።

«ኩላሊት» የሚለው ቃል ሰው ላይ ምን እንደሚሠራ የሰማው ያውቀዋል። በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ በየታክሲው ለዳያሊሲስ እርዳታ የሚጠይቁት ወጣቶች ፊቴ ላይ ተደቀኑ። ሌሊት ስልኬን ይዤ እያነበብኩ አነጋለሁ። ጠዋት መስተዋት ፊት ቆሜ ዓይኔ አብጦ እንደሆነ እመረምራለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ሰው ዓይን ደግሞ ማበጡ አይቀርም። አልትራሳውንዱ ደህና ነው ተባለ። የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ክሬቲኒን፣ 1.0 ወጣ፤ ደህና ነው። እኔ ግን «እንግዲህ ገና ስላልታየ ነው» አልኩ። የፈራ ሰው መልካም ዜና አይሰማም።

በዚህ መሀል ወሬው ጎረቤት ደረሰ። እትዬ አብሽ ዘፍዝፌ እንድጠጣ መከሩኝ፤ እሱን ለክብራቸው ስል ጠጣሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ኩላሊት ያጥባል» የተባለ ዱቄት በላስቲክ ቋጥሮ አመጣልኝ። ስሙ የለውም፣ መጠኑ አይታወቅም። እግዜር ይስጣት፣ ባለቤቴ ናት ከእጄ የቀማችኝ።

ሦስተኛው ምርመራ ላይ ደግሞ ሌላ ዘዴ ፈጠርኩ። ከመሄዴ በፊት ሁለት ሊትር ውሃ ጠጣሁ። ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ወጣ! ፕሮቲን የለም፣ ደም የለም። ባለቤቴን አቅፌ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ያንን ወረቀት ይዤ፣ ለማረጋገጫ ያህል፣ ዘመድ የጠቆመኝ አንድ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው። ሦስቱንም ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ደርድረው መነጽራቸውን አወረዱ። መጨረሻ ላይ ያመጣሁትን ንጹሑን ወረቀት አንሥተው አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ስፔሲፊክ ግራቪቲ የሚለው፣ ማለትም የሽንቱን መቅጠንና መወፈር የሚያሳየው ላይ። 1.003 ይላል።

«ልጄ፣ ይሄ ሽንት አይደለም። ውሃ ነው ያስመረመርከው።»

ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። የመጀመሪያውን ወረቀት አነሡ፤ 1.030። «ይኼኛው ደግሞ በረሃ ነው» አሉ። ከዚያ እስከዚያን ቀን ማንም ያልጠየቀኝን ጥያቄ ጠየቁኝ። «ከእያንዳንዱ ምርመራ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ምን ስትሠራ ነበር?»

ያ ጥያቄ ነው ነገሩን ሁሉ የገለበጠው። ሩጫውን ነገርኳቸው፣ ሁለተኛውንም ሩጫ ነገርኳቸው። ጉልበቴን ሲያመኝ ዳይክሎፌናክ እንደምውጥም ነገርኳቸው። ሰው ረጅም ርቀት ሲሮጥ፣ አሉ፣ ደሙ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ይቀንሳል። የኩላሊት ወንፊት ለጊዜው ትንሽ ፕሮቲንና ትንሽ ደም ያሳልፋል። ፊኛው ባዶ ከሆነ ደግሞ ግድግዳና ግድግዳው እየተጋጨ ይቆስላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጠፋል። ትኩሳት፣ ውሃ ማጣት፣ ከባድ ጭንቀትም ፕሮቲን ለጊዜው ሊያሳዩ ይችላሉ።

አንድ ሌላ ነገርም ነገሩኝ፤ እናንተም ያዙልኝ። ሽንት ውስጥ ተነክሮ ቀለሙ የሚለወጠው ወረቀት «ደም» ሲል ሁልጊዜ ደም ማለት አይደለም። ጡንቻ ሲጎዳ የሚለቀው ነገርም ያንኑ ቀለም ያመጣል። ስለዚህ ደም አለ የሚባለው በማይክሮስኮፕ ቀይ የደም ሴል ሲቆጠር ነው፤ በአንድ እይታ 3 ወይም ከዚያ በላይ። ወረቀቱ ፕላስ ብሎ በማይክሮስኮፕ ምንም ካልታየ ታሪኩ ሌላ ነው። ቀይ ሥር በልቶ ቀይ የሸና ሰው ደግሞ እንኳን ማይክሮስኮፕ፣ ትናንት ምን እንደበላ ማስታወስ ይበቃዋል።

«ባክቴሪያውስ ታዲያ?» አልኩ።

«ጥቂት ይላል። የት እንደነካው ማን ያውቃል? ኩባያውን ይሁን ቆዳህን። እንኳን ጥቂት፣ በካልቸር በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሺህ ቢወጣ፣ ካላቃጠለህ፣ ካላተኮሰህ፣ አንተን አላክምህም። ባክቴሪያ ፊኛ ውስጥ ዝም ብሎ የሚኖርበት ጊዜ አለ። ዝም ያለውን በመድኃኒት ስትነካካው መድኃኒት የለመደው ይተርፍልሃል።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉ። በኋላ ጣጣ ያመጣችብኝ እሷ ናት።

ከዚያ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ከዓመታት በፊት አፋር ውስጥ፣ አዋሽ ሸለቆ የመስኖ ቦይ ሥራ ላይ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ አልኳቸው። ሙቀቱ ሲበረታ ቦይ ውስጥ እየገባን እንታጠብ ነበር። እዚህ ላይ ብዕራቸውን አስቀመጡ። የፊኛ ቢልሃርዝያ የሚባል፣ ውሃ ውስጥ በቆዳ የሚገባ ትል የሚያመጣው በሽታ አለ አሉኝ። እንደ አንጀቱ ቢልሃርዝያ በየሐይቁ የሚገኝ አይደለም። በእኛ አገር የሚታወቀው በአዋሽ ሸለቆ፣ በዋቢ ሸበሌ እና በኩርሙክ በኩል ነው። ሰውዬው ምንም ሳይሰማው ዓመታት ደም ከሽንቱ ጋር ሊያወጣ ይችላል። ሕክምናው ፕራዚኳንቴል ነው፤ ቀላል ነው። ችግሩ የሚጠይቅ መጥፋቱ ነው።

የትሉ እንቁላል በሽንት በብዛት የሚወጣው ደግሞ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ለዚያ ምርመራ የቀን ሽንት ተጠየቅኩ። ለፕሮቲኑ ደግሞ የጠዋት የመጀመሪያው። በዚያ አካባቢ የኖራችሁ፣ ወንዝና ቦይ የዋኛችሁ ሰዎች፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ንገሩት። እኔ ነጻ ወጣሁ። አብሮኝ የሠራ አንድ ልጅ ግን በእኔ ወሬ ሄዶ ተመርምሮ ተገኘበት።

አራተኛው ምርመራ እንዴት እንደተሠራ በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ስድስት ሳምንት የፈጀብኝ እሱ ነውና። መጀመሪያ ቀጠሮው ከሲፕሮው ማለቂያ በቂ ጊዜ እንዲያልፍ ተደርጎ ተሰጠኝ፤ መድኃኒት ገና ሰውነት ውስጥ እያለ የሚሠራ ካልቸር ያታልላል። አንድ ሳምንት ሙሉ ሩጫ የለም፣ ክብደት ማንሣት የለም፣ ዳይክሎፌናክ የለም። ውሃ እንደ ወትሮው፤ ሳይበዛ፣ ሳያንስ። ከእንቅልፍ እንደተነሣሁ ታጥቤ፣ የመጀመሪያውን ሽንት ወደ ሽንት ቤቱ ለቅቄ፣ መሀሉን በንጹሕ ኩባያ ተቀብዬ፣ መጨረሻውን ተውኩት። ኩባያውን ከቤት ሳይሆን ከላብራቶሪው ነው የወሰድኩት። የሕፃን ምግብ ጠርሙስ ይዘው የሚመጡ ሰዎች አይቻለሁ፤ ይቅር በሉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አደረስኩት። ሽንት ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ባክቴሪያው ይራባል፣ ሴሎቹ ይፈርሳሉ፤ መዘግየቱ ግድ ከሆነ ፍሪጅ ይገባል። ሴቶች ደግሞ የወር አበባ ላይ ከሆናችሁ ቀጠሮውን ግፉት። ወረቀታችሁ ላይ ኤፒቴልያል ሴል «ብዙ» የሚል ካያችሁም፣ ናሙናው ቆዳ ነክቶ ሊሆን ስለሚችል እንደገና ለመስጠት አትፈሩ።

ውጤቱ፦ ፕሮቲን የለም። ቀይ የደም ሴል ከ0 እስከ 2። ካልቸሩ ምንም አላበቀለም። ስፔሲፊክ ግራቪቲ 1.018። እውነተኛ ሽንት!

ሐኪሙ ግን «በል ሂድ» ብለው አልሸኙኝም። የደም ግፊቴን አርፌ ከተቀመጥኩ በኋላ ደጋግመው ለኩ። የደም ስኳሬን አዩ። ከስድስት ወር በኋላ ተመለስ አሉኝ። የሁለተኛው ወረቀት ውጤት ቢደገም ኖሮ ሌላ መንገድ እንደነበረም ነገሩኝ። ፕሮቲኑ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ የኩላሊት ጉዳይ ይሆናል፣ መጠኑ በትክክል ይለካል። ደሙ ሳይጠፋ ከቀረ፣ በተለይ ዕድሜው የገፋ ወይም ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ከሆነ፣ ፊኛው በመሣሪያ እስኪታይ ይደረሳል። ፐስ ሴል እያለ ካልቸር ደጋግሞ ባዶ ከሆነ ደግሞ ቲቢም ይታሰባል። በዓይን የሚታይ ደም፣ ትኩሳት፣ የጎን ሕመም፣ የፊት ወይም የእግር እብጠት ካለ ግን ይሄ ሁሉ «ጠብቅ፣ ድገም» አይሠራም። ወዲያውኑ መሄድ ነው።

መጥቀስ ያለብኝ ሌላ ሰው አለ። ከእኔ ጋር በዚያው ሰኞ ለዚያው መሥሪያ ቤት የተመረመረ ወንድም ነው። የእሱ ወረቀት ላይ ስኳር ሦስት ፕላስ ይል ነበር። «ማታ ኬክ በልቼ ነው» ብሎ ኪሱ ከተተው። ስኳር በሽንት የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ የደም ስኳር በዴሲ ሊትር ከ180 ሚሊ ግራም ሲያልፍ ነው፤ ኩላሊት መመለስ ሲያቅተው ይፈስሳል። እኔ በምንም ነገር ስድስት ሳምንት ሳልተኛ እሱ ዓመት ሙሉ ተኝቶበት ስኳር በሽታ ተገኘበት። እኔም እሱም ስህተት ሠርተናል፤ የእሱ ግን ከበደ።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተቴ ልምጣ። ይህን ባልጽፍ ደስ ይለኝ ነበር።

በዓመቱ ባለቤቴ አረገዘች። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ለመጀመሪያ ክትትል ሄደች። አዋላጅ ነርሷ ሽንቷን ለካልቸር ላከች። ባክቴሪያ አበቀለ፤ ከ100 ሺህ በላይ። ምንም አላቃጠላት፣ ምንም አላመማት። መድኃኒት ታዘዘላት። ወረቀቱን ይዛ ቤት ስትመጣ እኔ ሶፋው ላይ ተጋድሜ ነበር። የስድስት ሳምንት የሽንት ምሩቅ!

«ተይው» አልኳት። «ምልክት ከሌለ አይታከምም። ዶክተሩ በጆሮዬ ነው የነገሩኝ። እንደኔ በከንቱ መድኃኒት እንዳትውጪ። ለዚያውም እርጉዝ ሆነሽ።»

አመነችኝ። ባሏ ነኝ፣ አንብቤያለሁ፣ አይቼዋለሁ። አንድ ሳምንት አለፈ። እሑድ ከሰዓት ለሐኪሙ ደወልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ልመካ ነበር የደወልኩት። እሳቸው ዝም ብለው ጨረሱኝ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ።

«አንተ ልጅ፣ ለማን የነገርኩህን ለማን ነገርክ?»

ምልክት የሌለው ባክቴሪያ ይታለፋል የተባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ጤነኛ አዋቂ ነው። እርጉዝ ሴት ግን ዋናዋ ልዩ ናት፤ የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት የተዘጋጀ ሰው ሌላው ነው። በእርግዝና ጊዜ ሆርሞኑ ከኩላሊት የሚወርዱትን ቧንቧዎች ያላላቸዋል፤ ማሕፀኑም ሲያድግ ይጫናቸዋል። ሽንት ይዘገያል። ዝም ብሎ የተቀመጠው ባክቴሪያ ወደ ኩላሊት መውጫ መንገድ ያገኛል። እናትየዋ በከባድ ትኩሳት ልትወድቅ፣ ፅንሱም ያለ ጊዜው ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ነው ሳያማት የምትመረመረው፤ ሳያማት የምትታከመው።

ማታውኑ መድኃኒቱን ገዛሁ። ካልቸሩ ላይ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ተጽፎ ነበር። ነርሷም ከእነዚያ ውስጥ ለእርጉዝ የሚሆነውን ነበር የመረጠችው፤ ሲፕሮ አይደለም። ሁሉንም አውቃ ነው የሠራችው። ያላወቅኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ መድኃኒቱን ስትጨርስ ካልቸሩ ተደገመ፤ ንጹሕ ሆነ። እስኪወጣ የጠበቅናቸውን ቀናት ግን በሩጫ ጊዜ ከነበረው ጭንቀት ጋር አላወዳድራቸውም። ያኔ የፈራሁት ለራሴ ነበር።

ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ ላይ ቆርጣችሁ ለሚስታችሁ፣ ለእናታችሁ፣ ለጎረቤታችሁ አታንብቡላቸው። ስለ እኔ ወረቀት የተነገረው ለእኔ ነው። ስኳር ያለበት፣ ግፊት ያለበት፣ ኩላሊት የተተከለለት፣ ያረገዘች፣ ሁሉም የየራሱ ንግግር አለው። ከዚህ የምትወስዱት ነገር ካለ ጥያቄዎቹን ውሰዱ። ወረቀቱ ሲሰጣችሁ፦ ይሄ ይደገም ወይ? ከመድኃኒቱ በፊት ካልቸር አይሠራም ወይ? ባለፉት ቀናት ያደረግኩት ነገር ይሄን ሊያመጣ ይችላል ወይ? መቼ ተመልሼ ልምጣ? ሐኪም ሲጠየቅ የሚቆጣ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

የሁላችንንም ወረቀቶች አሁን በአንድ ክላሰር አስቀምጣለሁ። በእያንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ በእርሳስ እጽፍበታለሁ፤ «ከሩጫ በኋላ»፣ «ጉንፋን ነበረኝ»፣ «ውሃ ሳልጠጣ»። ሐኪሙ በጣም ወደዱት። ባለፈው ኅዳርም ሮጥኩ፤ ዓመታዊ ምርመራዬን ግን ሁለት ሳምንት ገፋሁት።

ልጃችን በጊዜዋ፣ 3 ኪሎ ከ200 ሆና ተወለደች። ባለቤቴ ግን አልማረችኝም። ቤታችን እንግዳ መጥቶ ራሴን አመመኝ፣ ወገቤን ቆረጠኝ ማለት ሲጀምር፣ እኔም አፌን ልከፍት ስል፣ ከወጥ ቤት ድምጿ ይመጣል፦ «ዶክተር ከመናገራቸው በፊት አንዴ ይደውሉ!»